ደርሷል

ሰኞ 3

ዛሬ በራ።

አይጧ በጨለማው ካሜራ ሥር ተኝታለች። ጎኗ ላይ ያበቀልንባት እብጠት ብቻ እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል፤ የቀረው ሰውነቷ ጨለማ ነው። አይጦቹን የሚንከባከበው ባልደረባችን (ሞግዚት ብለን ነው የምንጠራው፤ እሱም ወዶ ተቀብሎታል) በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ይቺ ልጅ አምፖል ዋጠች እንዴ?» አለ። ሳቅሁ።

እማዬ በጠየቀችኝ ቁጥር አፌ ውስጥ የሚተበተበውን ነገር እስቲ እዚህ ቀለል አድርጌ ልጻፈው። የምንሠራው ቋጠሮ ነው። ጨርቁ ዲኤንኤ ነው፤ ክሩን እያጣጠፍን በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ትንሽ ቋጠሮ እናደርገዋለን። ውስጡ ቀዩን የካንሰር መድኃኒት እናስቀምጣለን። ቋጠሮው በደም ተጉዞ የካንሰሩን ሴል ሲነካ ብቻ እንዲፈታ ሆኖ ታጥፏል፤ ልብ ሳይጎዳ፣ ጸጉር ሳያረግፍ፣ አፍ ሳያቆስል። የት እንደገባ እንድናውቅ ደግሞ ላዩ ላይ የሚያበራ ቀለም እናስርበታለን። ዛሬ የበራው እሱ ነው።

ማታ እራት ላይ አለቃችን ደወሉ።

«እ? ምን ተገኘ?»

«መድኃኒቱ ደርሷል» አልኳቸው።

«ይታያል» ብለው ዘጉ። ደስ ሲላቸውም ሲከፋቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ከኋላቸው «ዶክተር ይታያል» እንላቸዋለን።

ስልኩን ሳስቀምጥ እማዬ የውሃውን ጆግ እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። ምንም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ አስረዳት ነበር። ወደ ጓዳ ገባችና በሯን መለስ አደረገች፤ ከውስጥ በስልክ ስታወራ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። ቃሉን አልለየሁትም። አንዱን ብቻ።

ረቡዕ 5

ሥራ ላይ። ጓንት አድርጌ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ሰንቅሬ። እህቴ ናት።

«ሚጢጢ፣ ደርሷል አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«እማዬ ናታ። በጆሮዬ ሰማሁ እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳለች። እውነት ነው?»

«አዎ፣ ደርሷል፤ ግን እኮ እታለም...»

«ግኑን ተይው። ግን ስትይ ድምፅሽ የሐኪም ይሆናል።» ሳቀች። ከሳቀች ቆይታለች።

ማሽኑ ጨረስኩ ብሎ ጮኸ። ናሙናው ይበላሻል። ዘጋሁ። ማታ ደውዬ አስረዳታለሁ።

(አልደወልኩም። ተኝታ ይሆናል።)

ቅዳሜ 8

እታለም ቤት ዋልኩ። ታላቄ ናት፤ መኪና መንዳት ታስተምራለች። የከተማው ሹፌር ግማሹ በእሷ እጅ ያለፈ ይመስለኛል። የማስተማሪያዋ መኪና ከተማሪው ጎን ባለው ወንበር በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት። ከልማድ ብዛት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ፊልም ስታይ እንኳ፣ አንዱ የማይሆን ነገር ሊያደርግ ሲል፣ ቀኝ እግሯ ምንጣፉን ይረግጣል። ዛሬም ረገጠች። እግሯ ቀጥኗል።

ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት መጀመሪያ በመድኃኒት ሊያሳንሱት፣ ከዚያ በቀዶ ጥገና ሊያወጡት ነው የወሰኑት። መድኃኒቱ እኛ የምንቋጥረው ያው ቀዩ ነው፤ ለእሷ ግን ያለ ቋጠሮ፣ እንዳለ ነው በደም ሥሯ የሚሰጣት። ሁለት ዙር ወስዳለች። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አፏ ይቆስላል። «ሽንቴ እንኳ የትራፊክ መብራት ሆኗል፤ ቁም ይለኛል» ትላለች። ልቧን ሲያዩዋት ትንሽ ደክሟል፤ እየተከታተልን እንቀጥላለን ብለዋታል። ሦስተኛው ዙር ሐሙስ ነው።

ስወጣ ባሏ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀበቶው ላይ ያለው ፒንሳ ሲራመድ ይንኳኳል።

«እህቴ፣ መቼ ነው የሚሰጣት?»

«ጋሼ፣ ገና አይጥ ላይ ነው እኮ።»

«አይጥ ላይ ከሠራ ታዲያ ምን ቀረው? ሰው ከአይጥ ያንሳል?»

«ሂደት አለው።»

«ሂደቱን ለሌላ ሰው። እሷ እህትሽ ናት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ብልቃጥ ብቻ። እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀው።»

«እስቲ ይታያል» አልኩት። የማን ቃል እንደሆነ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

እምቢ ማለት ነበረብኝ? አላልኩም፤ እሺም ግን አላልኩም። ላስረዳት ሄጄ ሳላስረዳት መመለሴ ግን ደስ አላለኝም። እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ከእንቅልፏ በፊትም ጊዜ ነበረ፣ እውነት ነው። ፊልም እያየን ነበር።

ማክሰኞ 11

ሁለተኛዋ አይጥ በራች። ሦስተኛዋም።

ሞግዚት፦ «ጉበታቸውንም አናይም? ቀለሙን ሳይሆን መድኃኒቱን ራሱን ብንለካው?»

«ከጉብኝቱ በኋላ» አልኩት። ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ዶክተር ይታያል ፎቶውን በትልቁ አሳትሙ ብለዋል።

«እንዳልሽ። እኔ ሞግዚት ነኝ፤ ልጆቹ የበሉት የት እንደገባ ማወቅ እወዳለሁ፣ ሌላ አይደለም።»

ቸኩያለሁ። ሐሙስ ከእሷ ጋር ሆስፒታል እሄዳለሁ።

ሐሙስ 13

አልሄደችም።

ጋሼ ደወለ፤ ጠዋት ብቻዬን እነዳለሁ ብላ ወጥታ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ሆስፒታሉ ሲደውልላት፣ «የተሻለ ነገር ተገኝቶልኛል» ብላቸዋለች።

እኔም አልሄድኩም። አታሚዎቹ ፎቶውን ጠቆር አድርገው አመጡት፤ ሳስተካክል ዋልኩ።

አንድ ዙር። ሰው በጉንፋንም አንድ ዙር ያልፈዋል። ሐኪሞቹ ራሳቸው አንዳንዴ ያሸጋግሩታል። እሑድ ሄጄ ቁጭ ብዬ፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።

እሑድ 16

በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት፤ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ እያዞረች። አፏ ድኗል። ፊቷ ወዝ አግኝቷል።

«ተማሪ አለኝ። ከኋላ ግቢ፣ ትታዘቢናለሽ።»

ተማሪው ጎልማሳ ነጋዴ ነው፤ ጉልበቱ መሪው ሥር አልገባ ብሎት ተጣጥፏል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ቃሌን ምላሴ ሥር ይዤ።

«መሪውን ለቀቅ አድርገህ ያዘው። ዶሮ አይደለም፣ አያመልጥህም።»

«እሺ አስተማሪ።»

«ክላች። ክላች አልኩህ እኮ፣ የኔ ጌታ! ማርሹ ምን በደለህ?»

«አስተማሪ፣ ከርመው ስለመጡ ነው መሰል የጠነከሩብኝ።»

«ሞቼ ነበር። ተመለስኩ። ይኸውልህ፣ ኋላ ያለችው እህቴ ናት፤ መድኃኒቴን የሠራችው እሷ ናት፣ በገዛ እጇ።»

ሰውዬው ሊያመሰግነኝ አንገቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ አዞረ። አንዲት ሴት ከነልጇ መንገዱን እያቋረጠች ነበር። እታለም ፍሬኑን ረገጠች፤ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን።

«ፊት ለፊትህን!» ጮኸች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አየህ፣ ለዚህ ነው የእኔ በኩል ፍሬን ያለው» አለችው። በመስታወቱ ውስጥ ዐይኔን አገኘችውና ጠቀሰችኝ።

በሰው ፊት አይነገርም። ስንመለስ ደግሞ በላች፤ ሙሉ ሳህን፣ ሚጥሚጣ ነስንሳበት፣ እያላበች። ጋሼ ቆሞ ያያታል። እንዲህ ስትበላ ለማየት ብሎ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ፊት አለው።

ሚጢጢ የሚለውን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ስወለድ ትንሽ ስለነበርኩ። ዛሬ ስትሸኘኝ፣ «ሚጢጢዬ ሚጢጢ ነገር ሠርታ አዳነችኝ» አለች። እጇን ሳምኩት። ለምን እጇን እንደሳምኩ አላውቅም።

ረቡዕ 19

ጉብኝቱ። ፎቶው ግድግዳው ላይ፣ አይጧ የጥጃ ያህል ሆና። ዶክተር ይታያል «ይታያል» ሲሉ ዛሬስ እውነትም ይታያል። አጨበጨቡ። አንዷ ጎብኚ፣ «መቼ ነው ሰው ጋ የሚደርሰው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው፣ «ዓመታት ይፈልጋል፣ እንዳትቸኩሉ» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር።

ብርዱ ከፍቷል። ከነገ ጀምሮ ቴርሞስ ይዤ እመጣለሁ። ለሻይ።

ዓርብ 21

ሞግዚት የመድኃኒቱ ፍሪጅ አጠገብ አገኘኝ።

«ሻይ ጀመርሽ?»

«ብርድ ነው።»

ቴርሞሱን ከእጄ ተቀብሎ ወዘወዘው። በረዶው ተንኳኳ።

«ሳጥበው የቀረ ነው» አልኩት።

ክዳኑን አጥብቆ ዘጋው። «ከዛሬ ጀምሮ ፍሪጁን እኔ ነኝ የምቆልፈው» አለ። «ዝም ብዬ ነው። ልማድ ልጀምር ብዬ።» ቴርሞሱን መለሰልኝ። «ጉሮሮሽን ትታመሚያለሽ፣ በዚህ ብርድ በረዶ።»

አልወሰድኩም። ልወስድም አልነበረም። ልወስድ ቢሆን ኖሮ ማታ ማታ መጠኑን ከአይጥ ወደ ሰው ክብደት ማስላቴን እዚህ እጽፈው ነበር? ማስላት ብቻ ነው። ሰው የማያደርገውንም ነገር ያሰላል።

ቅዳሜ 22

አልሄድኩም። ዘነበ።

ሰኞ 24

እታለም በጠዋቱ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ፣ ለፈተና የምታቀርባቸውን ተማሪዎች እንደምታናግርበት።

«ሚጢጢ፣ ገላዬን ስታጠብ ነካሁት። ጠጠር ያለ መሰለኝ። ትልቅም መሰለኝ። ሊሆን ይችላል?»

«ምናልባት... ሐኪሙን...»

«እሱ ምን ያደርግልኛል? ያንቺን ነው የምጠብቀው። መቼ ነው?»

«ትንሽ ቀን» አልኳት።

ትንሽ ቀን አልኳት።

ጓንት ሳላደርግ ሞግዚት ጋ ሮጥኩ። «ጉበቱን እንይ። መድኃኒቱን ራሱን። ዛሬ።» ለምን አላለኝም።

ረቡዕ 26

ከእብጠቱ ውስጥ ያገኘነው መድኃኒት የለም የሚባል ነው። ያለው ጉበት ውስጥ ነው፤ የቀረውም ተበትኗል።

ደም ክሩን ይበላዋል። ቋጠሮው ገና መንገድ ላይ ተፈትቷል። ቀለሙ ከላዩ ተነቅሎ ብቻውን ሄዶ እብጠቱ ውስጥ ተቀመጠ። ያጨበጨብንለት ለቀለሙ ነው። ብርሃኑ ደርሷል፤ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሞግዚት ሦስቱን አይጦች በየተራ እየጠራ፣ «አንቺም? አንቺም? አንቺስ?» አለ። ማንም አልሳቀም።

ለዶክተር ይታያል ልነግራቸው ስገባ ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮሁም። ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ።

«ክሩን የማይበላ ሽፋን እንፈልግለታለን። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።» ከዚያ፣ «ደርሷል ብለን ለነገርናቸው ሁሉ አልደረሰም ብለን እንነግራለን። ጎብኚዎቹን እኔ። አንቺም የነገርሻቸው ካሉ፣ አንቺ።»

የእኔዎቹ እነማን እንደሆኑ አያውቁም። «ይታያል» እንዲሉ ቆሜ ጠበቅሁ። አላሉም።

ሐሙስ 27

ነገርኳት።

ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ነበር። መድኃኒቱ አጥቁሮባታል፤ በቀይ ትሸፍነዋለች። ጋሼ ሥራ ነው። ራዲዮው ለብቻው ያወራል። አጠፋሁትና ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ አልደረሰም።»

«ምኑ?»

«ደርሷል ስል፣ አይጧ እብጠት ውስጥ ገብቷል ማለቴ ነበር። ተሠርቶ አልቋል፣ ለሰው ሆኗል ማለቴ አልነበረም። እማዬ ናት እንደዚያ የሰማችው። አሁን ደግሞ እዚያም አልገባም። ተሳስተናል። ለአንቺ የሚሆን መድኃኒት የለኝም። አልነበረኝም።»

ብሩሹ ቆመ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት፣ ጉበቱን ስናይ...»

«እሱን አላልኩሽም። እማዬ በሌላ ፍቺ እንደሰማችው መቼ ነው ያወቅሽው?»

እዚህ ደብተር ላይ ሰኞ ማታ የጻፍኩትን አስታወስኩ። ቃሉን አልለየሁትም፤ አንዱን ብቻ።

«የዚያኑ ማታ።»

«የዚያኑ ማታ» ብላ ደገመችው። የቀረውን ጥፍሯን ቀባች። አልተጣደፈችም። እጇን ዘርግታ እፍ አለችበት። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ልጅ ሆነን ትመታኝ ነበር።

ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ያን ሐሙስ ሆስፒታሉ በር ድረስ ነድቼ ነበር፣ ታውቂያለሽ?» አለች። «ጥበቃው ብረቱን ከፍቶልኝ ቆሟል። እግሬ ፍሬኑ ላይ ቀረ። ያ ሽታ፣ ያ ቀይ ከረጢት፣ ገና ሳላየው አስመለሰኝ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋል። ዞሬ ተመለስኩ። ያንቺ ደርሷል ባይኖር ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር።»

ለእኔ ብላ ይሁን፣ እውነቷን ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ልጠይቃት አፌን ስከፍት እግሯ ምንጣፉን ረገጠ።

«በቃ» አለች። «ነገ ትነጂልኛለሽ።»

«ከነዳሁ ስንት ጊዜዬ...»

«ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

ቤት ገብቼ ለእማዬም ነገርኳት። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «እኔ ነኛ ልጄን...» ብላ አልጨረሰችውም።

«አንቺማ የሰማሽውን ነው ያወራሽ፣ እማዬ። ያላረምኩሽ እኔ ነኝ።»

«እኔማ ደስ ብሎኝ ነው» አለች። ደጋግማ አለችው። ደስ ብሎኝ ነው። ደስ ብሎኝ ነው እኮ።

ዓርብ 28

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

መንገዱን ሙሉ አላወራችም፤ ክላች ብቻ፣ ሁለት ጊዜ። የጋሼን መኪና ነው የያዝነው፤ በእሷ በኩል ፍሬን የለም። ምንጣፉን ስትረግጥ ግን በየመታጠፊያው ይሰማኝ ነበር። ጥበቃው ብረቱን ሲያነሳ ከበሩ ፊት ቆምኩና አየኋት።

«ደረስን?» አልኳት።

«ገና ነው። በሩን እለፊ።»

አለፍኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ዳሰሳት፣ ለካ፣ የድሮውን ልኬት አየ። አድጓል። አልተቆጣም፤ የሚቆጣ ሰው ይሻለኝ ነበር። ለልቧ የሚቀልል ሌላ መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀምራሉ። ቀዶ ጥገናው ይቆያል፤ ይቻል እንደሆነ እንኳ አሁን መናገር አልችልም ብሏል። «ያለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደጎዳዎት ከዚህ በኋላ ነው የምናውቀው» አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ከእጁ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ለማን እንደሆነ እንጃ፣ አመሰግናለሁ አልኩ።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። የምጽፈውን አታይም፤ ወይም አላይም ብላ ነው። ጥፍሯ ቀይ ነው። አንድ ጊዜ፣ «አይጦቹ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ምስኪኖች» አለች።

ነርሷ በሩን ከፍታ ስሟን ጠራች።

«ተራዎ ደርሷል።»

እታለም አልተነሳችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ። ከዚያ ወደ ነርሷ።

«ግን?» አለቻት።

ነርሷ ግራ ገባት። «ምን ግን?»

«ግኑን ቀድመሽ ንገሪኝ። ከእንግዲህ ግኑን ነው ቀድሜ የምሰማው።»

«ኧረ ግን የለውም፣ እህቴ። ይግቡ።»

ቦርሳዋን ሰጠችኝ። ከወንበሩ ከመነሳቷ በፊት ቀኝ እግሯ የሆስፒታሉን ወለል ሲረግጥ አየሁት፤ አጥብቃ፣ እስከ መጨረሻው። ቀና ብላ በሩን አየች። ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ ገባች።